ያ ነገር አለሽ?

«ብሎን ለሰበረ እጅ ጋራዥ አይሰጥም» አለ አባቷ ከግድግዳው ወዲያ።

ትልቋ የአንድ እግሯን ጫማ አስራ ወደ ሌላው ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚሰማው ለማለት ነው። ይህን የተረተ ሰው የዚህን ቤት ግድግዳ አላየም። ስስ ጣውላ ነው። ሴቶች ልጆቹ ከፍ ሲሉ የራሳቸው መኝታ ይኑራቸው ብሎ አባትየው አንዱን ክፍል በገዛ እጁ ለሁለት ከፈለው፤ ሚስማር ያቀበለችውም ትልቋ ራሷ ነበረች። ከዚያ ትንሿ እህቷ አግብታ ወጣች፣ ትልቋ ከነጣውላው ቀረች። በዚያ ግድግዳ በኩል የአባቷን ሳል፣ የእናቷን ጸሎት፣ የሁለቱንም ኩርፊያ ስትሰማ ኖራለች። ኩርፊያ ድምፅ አለው ወይ ለሚል፣ አለው፤ ከወትሮው ቀድሞ የሚጠፋ ሬዲዮ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋችው እሷ አይደለችም?» አለች እናቷ።

«ለፍታለች። ማን ካደ? ዛሬ ግን የበሩን ቁልፍ ለልጁ እሰጠዋለሁ። ሰው ቢጠይቀኝም መልስ አለኝ፤ ነገርኩሽ እኮ።»

እናቷ ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ጀመረች። ልማዷ ነው፤ የማታሸንፈው ክርክር ሲገጥማት ገበያ ትወጣለች። ትልቋ የሁለተኛውን ጫማ ክር ልታስር ሞከረች። ቋጠሮው ተጣሞባት ፈታ እንደገና አሰረችው።

«ልጁ» ማለት የትንሿ ባል ነው። አባትየው ወንድ ልጅ ስላልወለደ፣ አማቹ ገና ሽማግሌ በላከ ሰሞን ነው «ልጁ» ማለት የጀመረው፤ ሁለቱ የወለዳቸው ደግሞ «ሴቶቹ» ናቸው። ጋራዡን ያቋቋመው አባትየው ነው። ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ ግን ሥራውን የምትመራው ትልቋ ናት። ሞተር የምታወርደው፣ የተቆጣ ደንበኛ የምታባብለው፣ ማታ በሩን የምትዘጋው እሷ ናት። አማችየው የገባው ዘግይቶ ነው፤ ከመጋዘን ሥራ ሲቀነስ፣ አባትየው «ና ከእህትህ ጋር ሥራ» ብሎ አስገባው። ጋራዡ አንድ ቀን የአንቺ ይሆናል ብሎ ትልቋን የነገራት ሰው የለም። አይሆንም ያላትም የለም። ሰው በዚህ ዓይነት ዝምታ ላይ ዕድሜውን ይገነባል።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ዳቦና ሻይ ይዘው ተቀመጡ። አባትየው አመዳማ ኮቱን ለብሷል፤ ከሥሩ የእጅጌው ጫፍ ነጭ የሆነ ሸሚዝ። ይህን ኮት የሚለብሰው ለሠርግና ለልቅሶ ነው። ትልቋ ኮቱን አየች፣ እሱም ማየቷን አየ፣ ሁለቱም ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እናትየው የዳቦውን መጠን ማነስ አንስታ ዳቦ ጋጋሪውን ረገመች። «ረፈድ ሲል ብቅ እላለሁ» አለ አባትየው በመጨረሻ። ትልቋ «እሺ አባዬ» ብላ ብርጭቆዋን አጥባ ወጣች። ሰምቻለሁ ልትል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን ብላ ትቀጥላለች? እኔ አልሰበርኩም ካለች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ሰበረው ነው፤ ያን ደግሞ መመለስ አትችልም። መልሱ ጠፍቷት አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት የመካኒክን ሳጥን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንደኛው በየቀኑ የሚነሳው ነው፤ መፍቻው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መዶሻው፣ እጀታቸው ከእጅ ብዛት የለሰለሰ። ሁለተኛው ታች፣ ከጨርቁ ሥር የሚተኛው ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ቅጠሎች ያሉት የክፍተት መለኪያ እዚያ አለ። አንድ ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ የሚናገረው ረጅሙ መፍቻ ከነማኅደሩ እዚያ አለ። ሞተር የሚደመጥበት፣ የሐኪም ማዳመጫ የሚመስለው ነገርም አለ። ሁሉም ይገዛቸዋል፤ ገዝቶም «እጄ ያውቀዋል፣ ጆሮዬ ይበቃኛል» እያለ ሳያወጣቸው ያረጃል። ደንበኛ ሳጥኑን ሲያይ ደስ እንዲለው ነው የሚገዙት ብሎ የሚያማ አለ፤ እኔም ከሐሜተኞቹ ወገን ነኝ። ከሁሉም በታች፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የተሰበረ ብሎን ማውጫው አለ።

ከጣት የማይበልጥ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጥርሱ ወደ ግራ የተጠማዘዘ ጠንካራ ብረት ነው። የብሎን ራስ ተቀንጥሶ ቀሪው ሞተሩ ውስጥ ሲቀበር፣ መሐሉን በስተው ይሰኩበትና ወደ ግራ ያዞሩታል፤ ባዞሩት ቁጥር እየነከሰ ሄዶ ቀሪውን ይዞት ይወጣል። የዚያ ሰፈር መካኒኮች «የንስሐ አባት» ይሉታል፤ ሳይበድል ወደ እሱ የሚሄድ የለምና። ብሎን መስበር ለመካኒክ ነውር ነው። ብሎን የሚሰበረው በችኮላ ነው፣ በንዴት ነው፣ ወይም ጉልበትን ዕውቀት አድርጎ በማየት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን መዋስ ራሱ መናዘዝ ነው፤ ለዚህም ሥርዓት ወጥቶለታል። የሚዋሰው ሰው ስሙን አይጠራም፤ ጠጋ ብሎ «ያ ነገር አለህ?» ይላል። ባለመሣሪያው ምን ሰበርክ፣ የማንን መኪና፣ ብሎ አይጠይቅም፤ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይሰጣል። ሲመለስ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የሰበረውም የተሰበረውም፣ ሆድ ይፍጀው። በስካርም ይሁን በጠብ መሐል «አንተ ያኔ የእኔን ተውሰህ አልነበር?» ብሎ ያወጣ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መዶሻ እንኳ የሚያውሰው አያገኝም።

አባቷ ይህ መሣሪያ አልነበረውም። ኖሮትም አያውቅም። «የንስሐ አባት የሚገዛ ሰው ኃጢአት ያሰበ ነው» ይላል። ከዚያም ቀኝ እጁን ዘርግቶ እያገላበጠ ያሳያል፤ «ይሄ እጅ ብሎን ሰብሮ አያውቅም።» ይህን በሠርግ ቤት ብሏል፣ በልቅሶ ቤት ብሏል፣ ወገቡን ላከመው ሐኪምም ብሏል። ሌላ የሚኮራበት ነገር ብዙ የለውም፤ ሀብት አላጠራቀመም፣ ሹመት አላየም። እጁን ነው ያለው። አማችየውም አባባሉን ወድዶ ያዘውና እሱም መሣሪያውን አልገዛም። አባባሉን ወረሰ እንጂ እጁን አልወረሰም።

ባለፈው ክረምት አንድ የተማሪ ማመላለሻ መኪና ለውኃ ፓምፕ ገብቶ ነበር። አማችየው እየፈታ ሳለ ብሎን ሰበረ። ወደ ትልቋ መጣና ጫማውን እያየ «እትዬ፣ ያ ነገር አለሽ?» አላት። እሷ ለራሷ ገዝታ ነበርና ሰጠችው። አበሳሱ ጠመመበት፤ እንደገና መጣ። ማውጫው ራሱ ሞተር ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ጉዱ ይፈላል ብላ ራሷ ልታወጣው ገባች፤ እሱ እጄን ልታጠብ ብሎ ሄደ። አባትየው በበሩ ሲገባ ያየው እንግዲህ ይህንን ነው፤ ትልቋን፣ በሞተሩ ላይ ተደፍታ፣ የንስሐ አባት በእጇ። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው። ዞሮ ወጣ። በማግስቱ ግን ሰፈሩ ሁሉ «ትልቋ ብሎን ሰበረች፣ አባቷ አዘነባት» ይል ነበር። እሷ ዝም አለች፤ አማችየው ይናገራል ብላ ጠበቀች። እሱም እሷ ትናገራለች ብሎ እየፈራ ጠበቀ። ሁለቱም ሲጠባበቁ ክረምቱ ወጣ።

በዚህ ቀን ጠዋት ጋራዡን የከፈተችው እሷ ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዘይት የጠቆረ ወለል፣ አባቷ የሚቀመጥበት ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር፣ ብረት የሚያጣብቀው ሞርሳ፣ የተሰረጎደው የውኃ በርሜል። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ በዓይን መሰናበት መሆኑ ገብቷት ተናደደችና ሥራ ጀመረች። አንድ ሚኒባስ ታክሲ የጭስ ማውጫው ብሎኖች ዝገት በልቷቸው ቆሟል። ማለስለሻ ዘይት አርከፈከፈችባቸውና አማችየው ሲመጣ «እስከ ነገ ጠዋት ይጠጣው፤ እንዳትነካው» አለችው። «እሺ እትዬ» አለ፤ ዓይኑን አላነሳም። ቁልፉ ሊሰጠው መሆኑን ያወቀ ሰው አኳኋን ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባቷ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ሰጠችው፤ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃት ነበር። እሱ የተጠረገ ወለል ይጠርግ ነበር።

አባትየው ረፋዱ ላይ ደረሰ። የጋራዡን ሠራተኞች፣ ቀለም ቀቢውን፣ ጎማ ጠጋኙን ጎሚስታ፣ ባትሪ የሚሞላውን ሰብስቦ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ የበሩን ቁልፍ ለአማቹ ሰጠ። «እኔ ደክሜያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ትልቋም ታግዘዋለች» አለ። ሰዎቹ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉ። ቀለም ቀቢው ትልቋን ሊያይ ፈልጎ አንገቱ አልዞር ብሎት ጣሪያውን አየ። ያን ክረምት ማን ምን እንደሰበረ ከእነሱ መሐል የማይጠረጥር አልነበረም፤ ሥርዓቱ ግን ጥርጣሬንም ይከለክላል።

ወደ በርሜሉ ስትሄድ አባቷ ተከተላት። የበርሜሉን መክፈቻ አዙራ እጇን ታጠበች፤ ቆሻሻው ባይለቅም ታጠበች።

«አባዬ፣ ያን ብሎን ማን እንደሰበረው ታውቃለህ?»

አባቷ ወደ በርሜሉ ጠጋ አለ። «አውቃለሁ» አለ።

ውኃው ይወርዳል።

«መፍቻ ማስረዘሚያው ቧንቧ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንቺ መፍቻ ላይ ቧንቧ አትሰኪም። ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለምን በእኔ?»

«ሰው ምን ይለኛል? የወለዳትን ትቶ ለአማቹ ሰጠ አይሉም? አንድ የምለው ነገር ያስፈልገኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ የትም ሄደሽ ሠርተሽ ትበያለሽ። እሱን ማን ይወስደዋል? ሦስት ልጅ ይዞ የት ይገባል? እህትሽ የት ትገባለች? ለአንቺ ፈርቼ አላውቅም። ለእሱ ነው የምፈራው።»

ሙገሳ መሆኑ ነው። ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት ይበቃት ነበር። አሁን ግን ገልብጣ ሰማችው። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ጋራዡ የእሷ ነበር ማለት ነው። ብሎን ብትሰብር፣ ሞተር ብታቃጥል፣ ማንም የማይወስዳት ብትሆን ኖሮ አባቷ ይፈራላት ነበር።

«ጋራዡን ስጠው» አለች። «የአንተ ነው። ስሜን ግን ለምን ጨመርክለት?»

«ስም ይረሳል።»

«ያንተ መች ተረሳ?»

አባቷ የበርሜሉን መክፈቻ ዘጋና ወደ አውቶቡስ ወንበሩ ሄደ።

ሳጥኗን መሙላት ጊዜ አልወሰደም። የጋራዡን መሣሪያ በአንድ ወገን፣ የራሷን በሌላ ወገን አድርጋ ለየች። በየቀኑ የሚነሱት አብዛኞቹ የጋራዡ ሆኑ፤ የማይነኩት ሁሉ የእሷ ሆኑ። የክፍተት መለኪያው፣ ማዳመጫው፣ ባለ ማኅደሩ መፍቻ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው ብረት። በሌላ ጊዜ ይህ ያስቃት ነበር። አማችየው ሳጥኑን ላግዝሽ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ተወው፣ ቀላል ነው» አለችው። ቀላል አልነበረም፤ መንገዱን ስትሻገር ትከሻዋ ሊገነጠል ደርሶ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ባለቤት ጋሽ ስንጥር ይባላል። ሲጋራ ሲያቆም የጥርስ ስንጥር መያዝ ጀመረ፤ ሲጋራው ቀረ፣ ስንጥሩ ስም ሆኖ ቀረ። ትልቋን ድሮም ያውቃታል። ስንት ጊዜ «እኔ ጋ ነይ» ብሏታል፤ ያኔ ስቃ ታልፈው ነበር። ዛሬ ሳጥኗን እግሩ ሥር ስታስቀምጥ ስንጥሩን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረና ትንሽ አሰበ።

«ብሎን ሰብራለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይላሉ።»

«ሰብረሻል?»

ጎዳናው ላይ አንድ አውቶቡስ አለፈ። አልሰበርኩም ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን ማውጫው በእጇ መታየቱን ሁሉም ሰምቷል፤ ካልሰበረች አውሳለች፣ ካዋሰች ደግሞ ያዋሰችውን ሰው ለመፈለግ ጋሽ ስንጥር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሳጥኗን ክዳን ጫን አደረገችው።

«ይሁን» አለ። «እኔ አልፈርድብሽም፤ ሁላችንም ሰብረናል። ደንበኛ ግን ሰምቷል። ለጊዜው ዘይት ትቀይሪያለሽ፣ ጎማ ታወርጃለሽ። ሞተር አልሰጥሽም። ቅር እንዳይልሽ።»

«አይለኝም» አለች። ቅር ግን ብሏት ነበር። ሞተር ስታወርድ የኖረች ሴት ከጀማሪ ጋር ተሰልፋ ዘይት ልታፈስ። መኪናው ሥር ገብታ በጀርባዋ ስትተኛ፣ ዘይቱ ወደ ሳህኑ ሲወርድ እያየች፣ ከማዶው ጋራዥ ይልቅ ስሟ እንደሚያሳዝናት ያን ጊዜ ገባት። ጋራዥ በጉልበት ይሠራል። ስም ሲጎድፍ ግን የምታጥቢው አንቺ አይደለሽም፤ ያጎደፈው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ትንሿ መጣች። የመጨረሻ ልጇን ታቅፋለች፣ በሌላ እጇ ፔርሙስ ይዛለች። ሁለቱ እህትማማቾች አሮጌ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንሿ ሻይ ቀዳች።  ሕፃኑ የአክስቱን ዘይት የነካ ጣት ሊይዝ ይታገላል፣ እሷ ታሸሻለች።

«አባዬ ነው የሰጠው፤ ባሌ አልጠየቀም» አለች ትንሿ።

«አውቃለሁ።»

«ጥለሽን ሄድሽ እያለ ያዝናል። ምሳም አልበላም አለ።» ልጇን ወደ ሌላ ጭኗ አዛወረች። «እትዬ፣ አትቆጪኝና፣ ያን ቀን ብሎኑን ስትሰብሪ ወዲያው አባዬን ይቅርታ ብትጠይቂው ኖሮ እኮ…»

ትልቋ ቀና ብላ አየቻት። ትንሿ አታውቅም። ባሏ አልነገራትም፣ አባቷ አልነገራትም፤ እህቷ በድላ እንደተቀጣች አምና ሻይ ይዛ መጥታለች፣ ይቅር ብላት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ከዚያ ትንሿ ፔርሙሷን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ማታ ባሏ ሲገባ በሌላ ዓይን ታየዋለች፣ ያም ዓይን ከቤቱ አይወጣም። ትልቋ ብርጭቆውን አፏ ላይ አደረገች።

«ስኳር አብዝተሽበታል» አለች። «ስኳር እንዲህ በተወደደበት ጊዜ።»

እሷም እንደ እናቷ ገበያ ወጣች። ትንሿ ስለ ስኳር ዋጋ አንድ ሁለት ነገር ተናገረችና ልጇን አቅፋ ተሻገረች።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ የብረት ድምፅ ይሰማ ነበር። ትልቋ ጎማ እያወረደች ላለመስማት ሞከረች፤ ግን ጆሮዋን ያሠለጠነችው በዚያ ጋራዥ ድምፅ ነው። መዶሻ ሰማች። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ መፍቻ ላይ ቧንቧ ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማችና እጇ ጎማው ላይ ቆመ። እንዳትነካው ብዬው ነበር አለች በልቧ። ቀጥሎ የመጣው አጭር ደረቅ ድምፅ ነው፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው ልብ የማይለው፣ መካኒክ የሆነ ሰው የገዛ ጥርሱ የተሰበረ የሚመስለው። ጋሽ ስንጥርም ሰማው። ስንጥሩን ከአፉ አወጣ፣ ወደ ማዶ አየ፣ መልሶ አስገባው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቷ በማዶው በር ላይ ታየ። አማችየው ከኋላው ቆሞ አንድ ነገር ሲለው፣ እሱ እጁን አወዛውዞ ሲመልሰው ታያት። ከዚያ መንገዱን መሻገር ጀመረ። በወገቡ ምክንያት ቀስ ይላል፤ መኪኖች ጡሩንባ ነፉበት። ትልቋ ልትቀበለው ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ይቅርታ ሊጠይቅ አይመጣም፤ አባቷን ታውቀዋለች። ተመለሺ ሊልም አይመጣም። ምን ሊል ነው?

አባትየው ገባ። ለጋሽ ስንጥር ሰላምታ ሰጠ፣ ለሠራተኞቹም ሰጠ። ሁሉም ሥራቸውን አቁመው «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» አሉት። ትልቋን ጠጋ ብሎ በለሆሳስ ሊያናግራት ይችል ነበር፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው የሚለው። እሱ ግን ከመሐል ቆሞ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

«ያ ነገር አለሽ?» አላት።

 የንስሐ አባት የሚገዛ ኃጢአት ያሰበ ነው ሲል የኖረው ሽማግሌ ነው ይህን የጠየቀው። አንዱ ሠራተኛ በስህተት መፍቻ ጣለና ይቅርታ እንደመጠየቅ ጎንበስ ብሎ አነሣው።

«አለኝ አባዬ» አለች። ሳጥኗን ከፍታ ከሥር አወጣችው። ምን ተሰበረ ብላ አልጠየቀችም።

አባትየው ወደ ጋሽ ስንጥር ዞረ። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ። «የታክሲውን። እጄ ደክሟል።» ያበቃ መሰላቸው። «የክረምቱንም እኔ ነኝ የሰበርኩት። እሷ የሰበርኩትን ልታወጣልኝ ነው ሰው ያያት። ልጄ ብሎን ሰብራ አታውቅም። እኔ አፍሬ በእሷ አላከክሁ።»

ትልቋ የተጠቀለለውን ብረት ይዛ ቆመች። ውሸት ነው። ሁለቱም ውሸት ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን አንድ ነገር፣ በሠርግና በልቅሶ ሲያሳየው የኖረውን፣ ሰው ፊት አውጥቶ ጣለው። ስሟን መለሰላት፣ የአማቹንም ደበቀ፣ የከፈለው በገዛ እጁ ነው። አዘነችለት። ተናደደችም፤ ጠዋት ያላደረገውን አሁን ስላደረገው፣ አሁንም ቢሆን እውነቱን ስላልተናገረ። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ መጡባት፤ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት አላወቀችም።

አባትየው መሣሪያውን ለመቀበል ቀኝ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ነው ያየችው። እጁ ንጹሕ ነው። ጥፍሩ ንጹሕ ነው፣ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ጠዋት እንደነበረው ነጭ ነው። ዝገት የበላው የጭስ ማውጫ ሥር ገብቶ ብሎን የሰበረ እጅ እንዲህ አይሆንም። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን ይበቃል፤ እዚያ የቆሙት ደግሞ ሁሉም መካኒኮች ናቸው። የጋሽ ስንጥር ዓይን ከአባቷ ፊት ተነሥቶ ወደ ክንዱ መውረድ ጀምሮ ነበር።

ትልቋ ተራመደችና መሣሪያውን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ዘይት ሲወርድበት በዋለ እጅ። እጅ እንደሚስም ሰው ጎንበስ ብላ አጥብቃ ያዘችው፣ መዳፉን አሸችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨበጠች፣ እስከ ነጩ እጅጌ ድረስ። አባቷ ወደ እጁ አየ፣ ወደ እሷም አየ፤ ገባው። ሊያወጣው አልሞከረም። ይቅር እያለችው ይሁን እየቀጣችው እሷም ለይታ አታውቅም። ስትለቀው የአባቷ እጅ እስከ አንጓው ጠቁሮ ነበር።

«ሲበሳ እንዳይጠም» አለችው። «ቀጥ ተደርጎ ይበሳ።»

«እነግረዋለሁ» አለ አባትየው፤ ወዲያው አምልጦት እንደሆነ ገባውና ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀጥ አድርጌ እበሳዋለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ስንጥር ስንጥሩን አውጥቶ መሬት ጣለው። «ጋሼ፣ እኔም ስንቱን ሰብሬያለሁ» አለ፤ ከዚያ ወደ ትልቋ ሳይዞር፣ «ጥግ ላይ የቆመችውን መኪና ሞተር ነገ ጠዋት አውርጂው» አለ።

አባትየው ወጣ። መንገዱን ሲሻገር መሣሪያውን በጠቆረው እጁ ይዞ፣ ኮቱን እንዳይነካበት ክንዱን ራቅ አድርጎ ነበር። ከማዶ ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ አማችየው ከሁሉም ኋላ ነው። ጎሚስታው የሽማግሌውን እጅ አይቶ ደነገጠና ሮጦ በጣሳ ውኃ አመጣለት፣ ሳሙናም ጨመረበት። ትልቋ ከወዲህ ቆማ ታያለች። አባቷ ጣሳውን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ እጁን ሳይታጠብ ገባ።